«ላየን ኪንግ» ካርቱኑና አዲሱ ፊልም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዲዝኒን የ1994 ካርቱን «ላየን ኪንግ» በልጅነቱ ደጋግሞ ያየ ሰው የ2019ኙን ዳግም ሥሪት ሲያይ ልቡ ለሁለት ይከፈላል። ሣሩ፣ አቧራው፣ በነፋስ የሚርገበገበው ጎፈር ያስደንቀዋል። የደቦሉ የሲምባ አባት፣ ንጉሥ ሙፋሳ ሲሞት ግን ድሮ የተናነቀው ሳግ አይመጣም። ስሜቱ ትክክል ነው። ስሜቱን ለማስረዳት የሚቀርቡት ምክንያቶች ግን ብዙዎቹ ውኃ አያነሱም፤ አዲሱን የሚያወድሱትም የሚያጣጥሉትም እኩል ይስታሉ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አዲሱ ላይቭ አክሽን ነው»

ላይቭ አክሽን የሚባለው ሥጋና ደም ያለው ተዋናይ ካሜራ ፊት ቆሞ ሲቀረጽ ነው። በ2019ኙ ፊልም ውስጥ ካሜራ ፊት የቆመ አንድም ሰው፣ አንድም እንስሳ የለም። ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ በወቅቱ በይፋ እንደተናገረው፣ 1,490 ሾቶች በአኒሜተሮችና በኮምፒውተር ግራፊክስ ባለሙያዎች የተሠሩ ናቸው። አፍሪካ ውስጥ በእውነተኛ ካሜራ የተቀረጸው አንድ ሾት ብቻ ነው፤ እሱም ፊልሙ ሲከፈት የምትወጣው ፀሐይ ናት። ስለዚህ አዲሱም ካርቱን ነው፤ ፎቶ የሚመስል ካርቱን። ለኦስካር የታጨው በአኒሜሽን ሳይሆን በቪዥዋል ኢፌክት ዘርፍ መሆኑ ግርታውን ሳያባብሰው አልቀረም።

ዲዝኒ ከካርቱኖቹ መልሶ የሚሠራቸው ፊልሞች አንድ ዓይነት አይደሉም። በ2015ቱ «ሲንደሬላ»፣ በ2017ቱ «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት» እና በ2019ኙ «አላዲን» የሚተውኑት ሰዎች ናቸው፤ «አላዲን» በከፊል የተቀረጸው በዮርዳኖሱ የዋዲ ረም በረሃ ነው። በ2016ቱ «ጃንግል ቡክ» ደግሞ እውነተኛው ልጁ ብቻ ነው፤ ቀረጻው የተካሄደው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲሆን ጫካውና አውሬዎቹ በኋላ በኮምፒውተር ተጨመሩ። «ላየን ኪንግ» ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ሰው ጨርሶ የለበትም። ሦስቱን አንድ ቅርጫት ውስጥ ጨምሮ «ሪሜክ ሁሉ እንዲህ ነው» ማለት ፍርድን ያዛባል። ሰው የሚተውንበት ፊልም ቢያንስ የሰው ፊት አለው።

«እንግዲያው የሠራው ኮምፒውተሩ ነው»

አንዳንዱ ተዋንያኑ ነጠብጣብ የተለጠፈበት ልብስ ለብሰው እንቅስቃሴያቸው ወደ አንበሶቹ የተገለበጠ ይመስለዋል። አይደለም። ሰው በሁለት እግሩ ስለሚሄድ የትከሻውና የዳሌው እንቅስቃሴ ለአንበሳ አይሆንም። ተዋንያኑ ባዶ ጥቁር ክፍል ውስጥ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ፤ ድምፃቸው ለፊልሙ፣ ምስላቸው ደግሞ አኒሜተሮቹ እያዩ እንዲሠሩበት ተቀረጸ። መልክዓ ምድሩ ጌም በሚሠራበት ሶፍትዌር ተገነባ። የካሜራ ባለሙያዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባለ መጋዘን ቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር አጥልቀው ወደዚያ ዓለም እየገቡ፣ እውነተኛ ሐዲድና ክሬን እየገፉ ቀረጹ። የዕቃዎቹ እንቅስቃሴ በሴንሰር እየተነበበ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ካሜራ ያንቀሳቅሳል።

ውጤቱ በዓይን ይታያል። አንበሳው ሲነሳ ካሜራው ለቅጽበት ዘግይቶ ይከተለዋል፤ አንዳንዴም ያለመጠን ያልፈውና ይመለሳል። በእጅ የተያዘ ካሜራ የሚያሳየው ድክመት ነው፤ ሆን ተብሎ ገብቷል፤ የዱር እንስሳት ዶክመንተሪ የሚያስመስለውም ይህ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን እርምጃ፣ የጆሮ ንቅናቄና ትንፋሽ የሠሩት አኒሜተሮች ናቸው። ለኮምፒውተሩ የቀረለት ብርሃኑ በእያንዳንዱ ፀጉር ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የመሳሰለውን ማስላት ነው። «ነፍስ የለውም» የሚለው ቅሬታ ከዚህ አይመነጭም፤ እጅ ያልነካው ሥራ አይደለም።

«ፊታቸው የደረቀው ቴክኖሎጂው ስላልቻለ ነው»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቴክኖሎጂው ይችላል፤ አልተፈቀደለትም እንጂ። አዘጋጆቹ ከመነሻው የያዙት መርሕ እንስሳቱ እውነተኛ እንስሳ ፊቱ ላይ የማያሳየውን ነገር እንዳያሳዩ ነው።

የ1994ቱን ስካር፣ የሙፋሳን ክፉ ወንድም፣ ልብ ብላችሁ እዩት። አንድሬያስ ዴጃ የመራው የአኒሜተሮች ቡድን የስካርን አንድ ቅንድብ ሲያነሳ፣ የከንፈሩን ጫፍ ሲያጣምም፣ ዓይኑን በግማሽ ሲከድን ንቀቱ ከመናገሩ በፊት ይነበባል። ተመልካቹ ወዴት እንደሚያይ የሚያውቀው ዓይኑ ውስጥ ባለው ብሌንና በዙሪያው በተሳለው ነጣ ያለ ክፍል ነው። አሁን እውነተኛ አንበሳ አስቡ። የሚንቀሳቀስ ቅንድብ የለውም። የዓይኑ ነጭ ክፍል እምብዛም አይታይም። ከንፈሩ «መ» ወይም «በ» ለማለት አይገጥምም። ስሜቱን የሚናገረው በጆሮው፣ በጅራቱ፣ በአቋሙና ጥርሱን በማሳየት ነው። አዲሱ ፊልም የተጠቀመውም እነዚህን ነው፤ ግን ታሪኩ በንግግርና በዘፈን የተሞላ ስለሆነ አይበቁትም። ሲምባ አባቱን ሲቀሰቅስ ድምፁ ያለቅሳል፤ ፊቱ ግን የማንኛውም ደቦል ፊት ነው። ሁለት እንስት አንበሶች ጎን ለጎን ሲያወሩ ደግሞ የትኛዋ እንደተናገረች የሚታወቀው በድምፅ ብቻ ነው።

ያው ምርጫ ዘፈኖቹንም ነክቷል። በካርቱኑ ሲምባ «ንጉሥ እስክሆን ቸኮልኩ» እያለ ሲዘፍን ሰማዩ ቀለም ይቀይራል፣ እንስሳቱ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተው ግንብ ይሠራሉ። በአዲሱ ደቦሎቹ በውኃው ዙሪያ ይሮጣሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር እውነተኛ እንስሳ አያደርግምና። የስካር ዘፈንም አረንጓዴውን እሳትና የጅቦቹን የወታደር ሰልፍ አጥቶ፣ ወደ ግማሽ አጥሮ፣ ከዘፈን ይልቅ ንግግር ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ካርቱኑ ክፋትን በጥቁር ጎፈር ነው ያሳየው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዶ ደረቱና ሆዱ ድረስ የወረደ ጥቁር ጎፈር ያየ አዲስ አበቤ በዚህ አይስማማም፤ ጥናቱም ከእሱ ጋር ነው። በ2002 የታተመ የሴሬንጌቲ ምርምር ጎፈረ ጥቁር ወንድ የተሻለ የተመገበና የወንዴ ሆርሞኑ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የአንበሳ አሻንጉሊት ሲቀርብላቸውም እንስቶቹ ጥቁሩን ይመርጣሉ፣ ወንዶቹ ይሸሹታል። አዲሱ ፊልም ስካርን ጎፈሩ የሳሳ፣ ሰውነቱ የከሳ አድርጎ ሠራው። በዚህ ነጥብ ላይ አዲሱ ከካርቱኑ ይሻላል፤ የተሸናፊ አንበሳ መልክ ይህ ነው።

ግን «እውነተኛ» የተባለው ቆዳው ብቻ ነው። በእውነተኛ መንጋ ውስጥ ቦታው የእናቶችና የሴት ልጆች ነው፤ ወንዶቹ ጥቂት ዓመት ገዝተው ይባረራሉ፤ ወጣት ወንድ ከመንጋው ይወጣል እንጂ ዙፋን ሊወርስ አይመለስም። የሲምባ ፍቅረኛ የናላ አባት ማን ነው የሚለውን ጥያቄማ ባንነካካው ይሻላል። ታሪኩ አሁንም የሰው ታሪክ ነው፤ የሰው ፊት ብቻ ተነጥቋል።

«ሾት በሾት የተቀዳ ነው፤ አዲስ ነገር የለውም»

ካርቱኑ 88 ደቂቃ ነው፤ አዲሱ 118። ግማሽ ሰዓት ከየት መጣ? ናላ ከስካር ተደብቃ የምትወጣበት ትዕይንት ተጨምሯል፤ ስካር የሲምባን እናት ሳራቢን ለማግባባት የሚሞክርበትም እንዲሁ። የሲምባ ጎፈር ቁራጭ ጠቢቡ ዝንጀሮ ራፊኪ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ከሚገባው በላይ ተለጥጧል። ከሦስቱ ጅቦች ሼንዚ ስትቀር ሁለቱ በአዚዚና በካማሪ ተተክተዋል። ራፊኪ ሲምባን በበትር አናቱን ብሎ «ያለፈ ነገር ነው» የሚልበት፣ ብዙዎች የሚወዱት ቦታ ደግሞ የለም። የፍቅር ዘፈኑ ግጥም ስለ ምሽት እያወራ ትዕይንቱ በአብዛኛው በቀን ብርሃን መሆኑ እስከዛሬ መቀለጃ ነው።

ቅጂ የሚመስለው ታዋቂዎቹ ትዕይንቶች፣ በተለይ መክፈቻውና የሙፋሳ ሞት፣ በካርቱኑ ሾቶች ልክ ስለተሰፉ ነው። የ2020ው «ሙላን» በተቃራኒው ዘፈኖቹን አውጥቶ፣ ሙሹ የሚባለውን ትንሽ ዘንዶ ሰርዞ መጣ፤ ያኔ ደግሞ «ለምን ቀየራችሁት» ተባለ። ወዳጆቹን ሁለቱም አላስደሰቷቸውም።

«የድሮው በእጅ ብቻ የተሳለ ነው»

በእርሳስ ወረቀት ላይ ተስሏል፤ ቀለሙ ግን የተቀባው በኮምፒውተር ነው። ሙፋሳ የሚሞትበት፣ ዊልደቢስት የተባሉት ባለቀንድ እንስሳት መንጋ ደግሞ ራሱ የኮምፒውተር ግራፊክስ ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ለሚሆነው ትዕይንት ከሁለት ዓመት በላይ ተሠርቶበታል። እንስሳቱ እርስ በርስ ሳይጋጩ እንዲሮጡ የሚያደርግ ፕሮግራም ተጽፎ፣ ከላያቸው የእጅ ሥዕል እንዲመስሉ ተደርገዋል። በእጅ የተሳለው ሲምባ መሐላቸው ሲሮጥ ልዩነቱ አይታይም። እናም «ኮምፒውተር አበላሸው» የሚል ሰው ያስለቀሰው ትዕይንት ግማሹ የኮምፒውተር መሆኑን ይወቅ።

«ድምፆቹን በሙሉ ጣሏቸው»

ሙፋሳን የተጫወተው ጄምስ ኧርል ጆንስ በሁለቱም አለ፤ ከዋናው የድምፅ ተዋንያን የተመለሰው እሱ ብቻ ነው። ሙዚቃውን ለካርቱኑ ሠርቶ ኦስካር ያገኘው ሃንስ ዚመርም ተመልሷል፤ ደቡብ አፍሪካዊው ድምፃዊ ሌቦ ኤምም እንዲሁ። የመክፈቻው ጥሪ ብዙዎች እንደሚሉት ስዋሂሊ አይደለም፤ ዙሉ ነው፤ አንበሳ መምጣቱን የሚያበስር። ስዋሂሊዎቹ ስሞቹ ናቸው፦ ሲምባ አንበሳ፣ ራፊኪ ወዳጅ ማለት ነው።

«መልሰው የሚሠሩት የቅጂ መብቱ እንዳይቃጠል ነው»

ይህ ወሬ ሥር የለውም። በአሜሪካ ሕግ በ1994 የወጣ የኩባንያ ፊልም ለ95 ዓመት፣ ማለትም እስከ 2089 መጨረሻ ይጠበቃል። አዲስ ፊልም መሥራት ለድሮው አንዲት ቀን አይጨምርለትም፤ አዲሱ የራሱን 95 ዓመት ብቻ ይቆጥራል። የ1928ቱ የሚኪ ማውስ ፊልም በጃንዋሪ 2024 ለሁሉም ክፍት ሲሆን ምንም ሪሜክ አላዳነውም።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው፤ የ2019ኙ «ላየን ኪንግ» በሲኒማ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሁልጊዜ ግን አይሳካም። የ2025ቷ «ስኖው ዋይት» ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶባት፣ ያስገባችውም ከዚያ ብዙም ያልራቀ ነው። ከትኬቱ ግማሽ ያህሉን ሲኒማ ቤቱ ስለሚወስድ ይህ ኪሳራ ነው። በዚያው ዓመት «ሊሎ ኤንድ ስቲች» ከአንድ ቢሊዮን አልፏል።

«አዲሱን የማይወድ ሰው የልጅነት ናፍቆት ይዞት ነው»

ናፍቆት መኖሩ አይካድም፤ ግን ለይቶ መመርመር ይቻላል። መጀመሪያ ቴሌቪዥናችሁ ላይ ምስል የሚያለሰልሰውን ቅንብር አጥፉ፤ በመሐል የራሱን ፍሬም እየፈጠረ ስለሚሞላ የእጅ ሥዕልን መስመር ያቀልጠዋል፣ ካርቱኑም ያለጥፋቱ ይወቀሳል። ቀጥሎ የትኛውን ቅጂ እንደያዛችሁ አረጋግጡ። የንጉሡ አማካሪ ወፍ ዛዙ ለሙፋሳ የጠዋት ሪፖርቱን በዘፈን የሚያቀርብ ከሆነ የያዛችሁት በ2003 በዲቪዲ የወጣውን እንጂ የ1994ቱን አይደለም፤ ያ ዘፈን ከመድረክ ሙዚቃዊው ተወስዶ በኋላ የገባ ነው።

ከዚያ የሙፋሳን ሞት ከሁለቱም ድምፁን ዘግታችሁ እዩ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው አብሯችሁ ቢቀመጥ የተሻለ ነው፤ እሱን ናፍቆት አያታልለውም። ማን እንደፈራ፣ ማን እንደዋሸ ጠይቁት። በመቀጠል ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። በዚህኛው አዲሱ ብዙም አይሸነፍም፤ የትወናው ችግር እንዳልሆነ እዚህ ይገባችኋል።

መጨረሻ ላይ መክፈቻውን አነጻጽሩ፤ ከፀሐይዋ መውጣት ደቦሉ በገደሉ ጫፍ እስከሚነሳ። ሾቶቹ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ አዲሱም ከካርቱኑ እኩል ያስደምማል፤ እዚያ ውስጥ የሚናገር እንስሳ የለምና። ቀጥሎ ስካር ዋሻው ውስጥ አይጧን ይዞ ይመጣል። በካርቱኑ በጣቶቹ ጀርባ ላይ እያንከባለላት፣ ቅንድቡን እየሰቀለ ያወራታል። በአዲሱ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል።