ሲጋራ ካቆሙ በኋላ የሚመጣው አራራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሲጋራ ካቆምኩ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። እሑድ ከሰዓት ነው፤ ዝናቡ አባርቶ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ገና እርጥብ ነው። እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። አቦሉ ተቀድቶ ሲኒው ግራ እጄ ላይ ሲያርፍ፣ ቀኝ እጄ ሳላዘው ወደ ሸሚዜ ኪስ ሄደ። ኪሱ ባዶ ነበር። በዚያች ቅጽበት የያዘኝ አራራ በመጀመሪያው ሳምንት ካየሁት ሁሉ የባሰ ነበር። አፌ ምራቅ ሞላ፣ ልቤ ደለቀ። ከአራራው ይበልጥ የጎዳኝ ግን «ከአምስት ሳምንት በኋላም እንዲህ ከሆንኩ ምኑን አቆምኩት?» የሚለው ሐሳብ ነው።

ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ ተነሣችና የራሷን በርጩማ፣ ረከቦቱ አጠገብ ያለውን፣ ለቀቀችልኝ። የፈንዲሻውን ሰሐን ሰጥታኝ «አንተ አዙር» አለችኝ። ቡናዬን እዚያው ጠጣሁ። ያን ቀን አላጨስኩም።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አልፏል። ለማቆም የሚታገሉ ብዙ ወዳጆች ያማክሩኛል። ከማያቸው ውስጥ ብዙዎቹ የሚወድቁት ፈተናው ስለበረታባቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ፈተናው የተነገራቸው ነገር የተሳሳተ ስለሆነ ነው። ሠላሳ ስምንተኛው ቀን እንዳለ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

«ሦስት ቀን ከታገሡ ኒኮቲኑ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፈቃድ ድክመት ነው»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ብዙ ሰው የሚያምነው። በደም ውስጥ ያለ ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐሳብ መበተኑና ረሃቡ የሚበረቱት በዚያው ሰሞን ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ይረግባል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ግን ድክመት አይደለም፤ አንጎል የተማረው ትምህርት ነው። የተሳበ ጭስ ኒኮቲኑን አንጎል ለማድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ብቻ ይበቃዋል። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው እያንዳንዷን ፍሬ አሥር ጊዜ ቢስባት በቀን 200 ጊዜ፣ በዓመት ከ70 ሺህ ጊዜ በላይ ይሆናል። ለየትኛውም ሙያ ይህን ያህል ልምምድ የሚያደርግ ሰው የለም። ልምምዱ ደግሞ ብቻውን አልመጣም፤ ከቡና ሽታ፣ ከምሳ በኋላ ካለው እፎይታ፣ ከታክሲ ሰልፍ፣ ከረጅም የስልክ ወሬ ጋር ተጣምሮ ነው የተማረው። ደሙ ሲጠራ ይህ ጥምረት አብሮ አይጠራም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ያቆሙ ሰዎችን በተለያየ ጊዜ ፈትኖ፣ ሲጋራን የሚያስታውስ ነገር ሲያዩ የሚነሣባቸው አራራ ከ7ኛው ቀን ይልቅ በ35ኛው ቀን በርትቶ አግኝቶታል። ያለ ምንም ቀስቃሽ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው አራራ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ቀንሷል። ይህን ሳነብ ያን እሑድ አስታወስኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ። የደረሰብኝ ነገር የታወቀ፣ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ነበር።

ስለዚህ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ሲጋራ ትዝ እንኳ ካላላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ሁለተኛውን ወር ያለ ዝግጅት አትግቡበት። የምታጨሱባቸውን ሰዓቶችና ቦታዎች በወረቀት ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ በምትኩ የምታደርጉትን አንድ ነገር ጻፉ። «ምሳ በልቼ እንደጨረስኩ ጥርሴን እቦርሻለሁ» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር «ጠንክሬ እቋቋማለሁ» ከሚለው መሐላ በጣም ይሻላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማሰብ አያስፈልግምና።

«አራራ እስኪያጨሱ ድረስ እየጨመረ ይሄዳል»

ሰውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሸንፈው ይህ እምነት ይመስለኛል። «ዞሮ ዞሮ ማጨሴ ካልቀረ አሁኑኑ ልገላገል» ያሰኛል።

በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆነው ሩቬን ዳር ከባልደረቦቹ ጋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ያሳተመው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው በሚያጨሱ የበረራ አስተናጋጆች ላይ ነው። አስተናጋጆቹ አንዳንዴ ጥቂት ሰዓት ወደሚወስደው አውሮፓ፣ አንዳንዴም ከአሥር ሰዓት በላይ ወደሚወስደው ኒው ዮርክ ይበራሉ፤ በሁለቱም ላይ ማጨስ አይቻልም። አራራ ባላጨሱበት ሰዓት ልክ የሚጨምር ቢሆን ኖሮ በረጅሙ በረራ መጨረሻ ላይ ከአጭሩ እጅግ መብለጥ ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሁለቱም በረራዎች አራራው የናረው አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ ነበር፤ በአጭሩ በረራ መጨረሻ ላይ የነበረውም በረጅሙ በረራ መካከል፣ ያን ያህል ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከነበረው በልጧል። አራራውን የጠራው የሰዓቱ ርዝመት ሳይሆን «አሁን ማጨስ ይቻላል» የሚለው ተስፋ ነው።

ይህን ለመረዳት አውሮፕላን ላይ መውጣት አያስፈልግም። ረመዳንን የሚጾም አጫሽ ጎረቤት ያለው ሰው ያውቀዋል። ከንጋት ጀምሮ ሥራውን በሰላም ሲሠራ ይውላል፤ የመግሪብ አዛን ሊሰማ ሲቃረብ ግን መቁነጥነጥ ይጀምራል። ኒኮቲኑ እኮ አብዛኛው ገና ከቀትር በፊት ከደሙ ወጥቷል!

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። «ምናልባት አንድ አጨስ ይሆናል» የሚል በር ክፍት ካለ አራራው በዚያ በር እየገባ ይመላለሳል። ኪስ ውስጥ «ለክፉ ቀን» የተቀመጠች አንድ ፍሬ ቀኑን ሁሉ ስትጣራ ትውላለች። ቤት ያለውን ክብሪት፣ ላይተርና መተርኮሻ ሁሉ አውጥቶ መጣል የሚመከረው ለዚህ ነው።

አራራው ሲመጣ ደግሞ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው። ሰዓታችሁን አይታችሁ ቁጠሩት። እኔ የጥርስ መፋቂያ በኪሴ መያዝ ጀመርኩ፤ እጅንም አፍንም ስለሚይዝ ከማስቲካ በልጦ ረዳኝ። ከተቻለ ተነሥቶ ፈጠን ብሎ መራመድ አራራን ለጊዜው እንደሚያረግብ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። አሥር ደቂቃ እንኳ ዋጋ አላት።

«ቡና ካልተውኩ ሲጋራ መተው አልችልም»

አይደለም፤ ግን ቡናው ላይ ሊደረግ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይህንንም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከቃጠሎ የሚፈጠሩ ውህዶች አሉ። እነዚህ ውህዶች ካፌይንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ከመጠን በላይ ያሠሩታል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። በዚህ ምክንያት አጫሽ ሰው ካፌይንን ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ያስወግዳል። ማጨሱን ሲያቆም ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ወደ ተፈጥሯዊ ልኩ ይመለሳል። የሚጠጣው ቡና ያው ሦስት ሲኒ ነው፤ ደሙ ውስጥ የሚከማቸው ካፌይን ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ውጤቱስ? እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይደልቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይን አይከደንም፣ ትንሽ ነገር ያስቆጣል። ሰውየው «ሲጋራ ማቆሜ አሳመመኝ» ብሎ ወደ ሲጋራው ይመለሳል፤ ያሳመመው ግን ከቡናው ያልቀነሰው ነው። ቡናን በነፍሱ በሚወድ አገር ይህ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው መረጃ ነው።

እናም ቡናውን አትተዉ፤ በግማሽ ቀንሱት። አቦሉን በሙሉ፣ ቶናውን በግማሽ ሲኒ፣ በረካውን ለምርቃቱ ያህል ቀምሶ ማስቀመጥ ይቻላል። የቡና አፍይዋ ምክንያቱን ካወቀች አትቀየምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምትቀመጡበትን ቦታ ቀይሩ። እኔ ያ በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ለጭሱ ብዬ የመረጥኩት ነበር፤ እዚያ በተቀመጥኩ ቁጥር እጄ ወደ ኪሴ ይሄድ ነበር። ረከቦቱ አጠገብ ስቀመጥ ግን አጭሼ የማላውቅበት ቦታ ነበርና ምንም የሚያስታውሰኝ ነገር አልነበረም።

«ጭንቀትና ሐዘን ሲመጣ ያለ ሲጋራ አይቻልም»

ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ድንኳኑ ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ ወንዶች ቆመው ያጨሳሉ። አጎቴ ያረፈ ጊዜ አንድ የሰፈራችን አባት ፓኮውን ዘርግተው «ያዝ ልጄ፣ ዛሬስ አይከፋም» አሉኝ። ከደግነት ነው። እምቢ ማለት ሐዘኑን የናቅሁ መሰለኝ። «አባባ፣ ትቼዋለሁ፤ ግን አብሬዎት ልቁም» አልኳቸው፤ ሲጨርሱ ትከሻዬን ይዘውኝ አብረን ገባን። ያን ቀን የፈለግሁት ሲጋራውን ሳይሆን አጠገቤ የሚቆም ሰው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሲጋራ ጭንቀት የሚያቀል የሚመስለው ራሱ የፈጠረውን ጭንቀት ስለሚያስታግሥ ነው። በሁለት ሲጋራዎች መካከል ኒኮቲኑ ሲቀንስ ሰውነት ይቅበጠበጣል፤ ሲያጨሱ ይረጋጋል፤ ሰውም እፎይታውን ለኑሮው ጭንቀት መድኃኒት አድርጎ ይቆጥረዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የ26 ጥናቶች ማጠቃለያ ያቆሙ ሰዎች፣ ማጨሱን ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ መሆናቸው ግን አይካድም።

«ወንድ ልጅ ከሆንኩ እዚያው ጓደኞቼ መካከል ተቀምጬ እቋቋመዋለሁ»

በመጀመሪያው ወር አትሞክሩት። መጠጥ ልጓም ያላላል፤ ጠዋት የማላችሁትን ማታ ያስረሳል። ጫት ደግሞ ለብዙዎች ከሲጋራ ጋር አብሮ የተሰፋ ነው፤ ምርቃናው ሲመጣ አንዱን ፍሬ በሌላው መለኮስ፣ ቀጥሎ ለጨብሲ መውጣት፣ እዚያም ማጨስ። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው መጀመሪያ ላይ ነው። ከጓደኛ መለየት አይደለም፤ የምትገናኙበትን ሰዓትና ቦታ መቀየር ነው። ቁርስ ቤት፣ እግር ኳስ ሜዳ፣ ጠዋት የእግር ጉዞ። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ስለዚህ ምግብ ቤት ውስጥ «እዚህ አይጨስም» ብሎ ማሳሰብ መብታችሁ ነው።

በሲጋራ ፈንታ ሺሻ የሚሉም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ሺሻ ቁጭታ የሚሳበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ በላይ ቃል አላባክንም።

«ማስቲካና ፕላስተር ሱስን በሱስ መተካት ነው»

የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ኒኮቲኑን በዝግታና በአነስተኛ መጠን ነው የሚሰጡት፤ ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ የላቸውም። የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ይጨምራሉ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ፤ እርዳታ መፈለግ አያሳፍርም።

«አንዷ ፍሬ ምን ታደርጋለች?» እና «አንዴ ካጨስኩማ አልቆልኛል»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ የሚገርመው በአንድ ሌሊት አንዱ ሌላውን ተክቶ መምጣቱ ነው። በመጀመሪያው ሙከራዬ ሦስት ወር ቆይቼ ሠርግ ላይ «አንዷ ምን ታደርጋለች» ብዬ አጨስኩ። በማግስቱ «በቃ፣ አልቆልኛል» ብዬ ሙሉ ፓኮ ገዛሁ። ወደ ኋላ የመለሰኝ የሠርጉ ፍሬ ብቻ አልነበረም፤ የማግስቱ ፍርድም ነው። አንዷ ፍሬ የድሮውን ትምህርት ትቀሰቅሳለችና ትጎዳለች፤ ሦስቱን ወር ግን አታጠፋም። ተሳስታችሁ ካጨሳችሁ የቀረውን በዚያው ሰዓት ጣሉ፤ የት፣ ከማን ጋር፣ በምን ሰዓት እንደሆነ በዝርዝራችሁ ላይ ጨምሩ። ከሚያቆሙት አብዛኞቹ ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክረው ነው የተሳካላቸው።

«ጠባዩ ተበላሸ፤ ቢያጨስ ይሻለው ነበር»

ይህ የቤተሰብ ስሕተት ነው፤ ከፍቅር ስለሚመጣም ይከብዳል። እናቴ በአምስተኛው ቀን ቁጣዬን አይታ «ልጄ፣ እንዲህ ከምትሆን ለዛሬ አጭስና ተረጋጋ» ብላኛለች። በቤታችሁ ያቆመ ሰው ካለ ቁጣው በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚበረታ፣ በወር ውስጥም በአብዛኛው እንደሚያልፍ እወቁ። አትምከሩት፤ በየቀኑ «አሁንም አላጨስክም?» እያላችሁ አትጠይቁት። የራት ሰዓት ላይ ረሃብ እንዳያገኘው ቆሎ ወይም ሙዝ ቅርቡ ላይ አስቀምጡለት። የሚያጨስ እንግዳ ከመጣ ሳይለምናችሁ እንግዳውን ወደ ውጭ ሸኙለት። ቡና ሲፈላም አዲስ ቦታ ስጡት፤ የፈንዲሻውንም ሰሐን እሱ ያዙር።