የስካይዳይቪንግ ፓራሹት ገመዶች፦ ከምን ይሠራሉ፣ እንዴትስ ያረጃሉ?

በእኛ አገር ፓራሹት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አየር ወለድ ነው፤ ክብ ሸራ፣ ከባድ ትጥቅ፣ ቁልቁል የሚወርድ ወታደር። ለስፖርት የሚዘለልበት የዛሬው ፓራሹት ግን በመልኩም በጠባዩም የተለየ ነው። አራት ማዕዘን ወይም ሞላላ ሲሆን ከፊት ክፍት የሆኑት ክፍሎቹ አየር ሲሞላቸው የክንፍ ቅርጽ ይይዛል፤ ወደ ፊት ይበራል፣ ይታጠፋል፣ ፍሬን ይያዝለታል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ መብት የተሰጠው የዶሚና ጃልበርት ፓራፎይል ነው። ክንፍ በመሆኑም አበራሩን የሚወስነው ጨርቁ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ገመድ ርዝመትም ነው። ፋብሪካው ከእያንዳንዱ ሸራ ጋር የገመዶቹን ልክ የያዘ ሰንጠረዥ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ከሰንጠረዡ ጥቂት ሳንቲሜትር መራቅ በበረራው ላይ ይታያል።

ስለ ገመድ ሲነሳ አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይችለኛል ወይ?» ብሎ ነው። ይችላል። ሰባት ክፍል ያለው ሸራ ስምንት ክብደት ተሸካሚ ግድግዳዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ የሚባሉ አራት ገመዶች ይሰፋሉ። ኤ ከቢ፣ ሲ ከዲ ጋር መንገድ ላይ ስለሚገናኙ ዘላዩ ትከሻ ድረስ የሚወርዱት 16 ናቸው፤ ሁለቱ የፍሬን ገመዶች ሳይቆጠሩ። ገመዱ ስፔክትራ 725 የሚባለው ከሆነ፣ ቁጥሩ አንዱ ገመድ ለመበጠስ የሚፈልገውን ጉልበት በፓውንድ ይነግረናል፤ 330 ኪሎ ያህል ነው። ለ16ቱ ሲደመር ከአምስት ቶን ይበልጣል። ከነትጥቁ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሸራው ሲከፈት የክብደቱን አምስት እጥፍ ቢመታ እንኳ ጭነቱ ግማሽ ቶን ነው። እርግጥ ነው ጭነቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም፤ ኤ ገመዶች ከሌሎቹ ይበልጥ ይሸከማሉ፣ ሸራው ዘሞ ከተከፈተም አንዱ ወገን ለብቻው ይጎተታል። ያም ሆኖ አዲስ ገመድ በአቅም ማነስ አይታማም። በዚህ ጸሐፊ ግምት ምርጫው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል፦ ገመዱ ሲያረጅ ምን ይሆናል? ማርጀቱንስ ለባለቤቱ ያሳውቃል ወይ?

ከናይለን ወደ ዳክሮን

የድሮዎቹ የጦር ፓራሹቶች ገመድ ናይለን ነበር። ዛሬ ተጓዦች ለድንኳን የሚጠቀሙበት፣ ወጣቶችም እንደ አምባር የሚያጠልቁት ባለ 550 ፓውንዱ ገመድ የዚያ ዘር ነው። ናይለን በጣም ይለጠጣል። ለክብ ሸራ መለጠጡ ጥሩ ነበር፤ የመክፈቻውን ምት ያበርደዋል። ልኩን መጠበቅ ላለበት ክንፍ ግን አይሆንም።

ቦታውን የወሰደው ዳክሮን፣ ማለትም በዱፖንት የንግድ ስም የሚጠራው ፖሊስተር ነው። ዳክሮን ከናይለን ያነሰ ይለጠጣል፣ ከኋላ ከመጡት ሁሉ ግን የበለጠ ይለጠጣል። ስለዚህ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወድቅን ሰው ሸራው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይዞ ሲያቆም፣ ገመዱ ከምቱ የተወሰነውን ራሱ ይውጣል። ፀሐይን ይችላል፣ ሰበቃን ይችላል፣ በዕድሜው ብዛት ልኩ ብዙም አይዛባም። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚችል ከሆነ ለምን ሌላ ተፈለገ? ወፍራም ስለሆነ ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ወፍራም ገመዶች አየር ላይ ሲጎተቱ በረራውን ያዘገዩታል፤ ታጥፈው ቦርሳ ውስጥ ሲገቡም ቦታ ይበላሉ። ትንሽ ቦርሳና ፈጣን ሸራ የሚፈልግ ዘላይ ዳክሮንን የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው።

በመሃሉ ኬቭላርም ተሞክሮ ነበር። ስቴፋኒ ክዎሌክ እ.ኤ.አ. በ1965 ዱፖንት ውስጥ ያገኘችው ይህ ቃጫ በጥንካሬው ወደር አልነበረውም። ይሁንና በፓራሹት ገመድነት አልዘለቀም፤ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰባበራል፣ ስለማይለጠጥም ምቱን በሙሉ ለዘላዩ ያደርሳል። ጥንካሬ ብቻውን እንደማይበቃ ሙያው የተማረው ከእሱ ነው ማለት ይቻላል።

ስፔክትራና የስላይደሩ ቀለበት

በስፖርቱ ውስጥ ዛሬ በብዛት የሚታየው ቀጭን ነጭ ገመድ ስፔክትራ ነው፤ ዘላዮች ማይክሮላይንም ይሉታል። የአውሮፓ አቻው ዳይኒማ ይባላል። ሁለቱም ፖሊኤትሊን ናቸው፤ ፌስታሉና ቢጫው ጀሪካን ከሚሠሩበት የፕላስቲክ ቤተሰብ ማለት ነው። ልዩነቱ የሞለኪውሎቹ ሰንሰለት እጅግ ረጅም መሆኑና ቃጫው ሲፈተል ሰንሰለቶቹ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው መወጠራቸው ነው። ገመዱ ቀጭን፣ ቀላልና የሚያሟልጭ ሲሆን ፀሐይንም በደንብ ይቋቋማል። መለጠጡ ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ በዳክሮን ለስለስ ብሎ ይከፈት የነበረ ሸራ ስፔክትራ ሲገባለት ሊደነግጥ ይችላል፤ የሸራ ሠሪዎች ዲዛይናቸውን ከዚህ ጋር ማስማማት ነበረባቸው።

ድክመቱ ሙቀት ነው። የሚቀልጠው በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ዳክሮን እስከ 250 ዲግሪ ድረስ ይቆያል። ሰማይ ላይ ይህ ሙቀት ከየት ይመጣል? ከስላይደሩ ነው። ስላይደር በአራት ማዕዘኖቹ የብረት ቀለበት ያለው ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ ገመዶቹ በአራት ተከፍለው በቀለበቶቹ ውስጥ ያልፋሉ። ሸራው በአንድ ጊዜ ፈንድቶ እንዳይከፈት ስላይደሩ ከላይ ይዞት ቀስ እያለ ይወርዳል። በሚወርድበት ጊዜ ብረቱ ገመዶቹን በኃይል እየፈተገ ነው። ፍትጊያው የሚያመነጨው ሙቀት ለአፍታ ቢሆንም ስፔክትራውን ጥቂት ያኮማትረዋል፤ በሚቀጥለው ዝላይ እንደገና ጥቂት፤ በመቶዎች ዝላይ ሲባዛ ቀላል አይሆንም።

ገመዶቹ ሁሉ እኩል ቢያጥሩ ኖሮ ችግሩ ግማሽ ይሆን ነበር። ነገር ግን ቀለበቱ አጥብቆ የሚፈትገው በዳር ያሉትንና የፍሬን ገመዶቹን ነው፤ የመሃሎቹ እምብዛም አይነኩም። ስለዚህ ባረጀ ስፔክትራ ላይ የፍሬን ገመዱ ከመጀመሪያ ልኩ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ሲያጥር፣ የመሃሉ ኤ ገመድ ከፋብሪካ በወጣበት ልክ አካባቢ ሊገኝ ይችላል። ክንፉ ሳይታወቅ ቅርጹን ይቀይራል። ሸራው ሲከፈት ወደ አንድ ወገን መዞር ያበዛል፣ አከፋፈቱም ይከብዳል። ያጠረ የፍሬን ገመድ የሸራውን የኋላ ጠርዝ ያለማቋረጥ ወደ ታች ይስባል፤ ዘላዩ ሳያውቀው ፍሬን ይዞ እየበረረ ነው።

ይህን አየር ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ማንም ዘላይ ሊለምደው የሚገባ ልማድ ነው። ሸራው ተከፍቶ ከተረጋጋ በኋላ የፍሬን መያዣዎቹን እስከ ላይ ድረስ መልቀቅና ቀና ብሎ ማየት ነው። ጤነኛ የፍሬን ገመድ ነፋሱ ገፍቶት ወደ ኋላ ደጋን ይሠራል፣ የሸራው የኋላ ጠርዝም ሳይጎብጥ ይቆማል። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ፣ ጠርዙም ወደ ታች ተስቦ ከታየ ጊዜው ደርሷል።

ስፔክትራን ብዙዎች የሚወዱት ግን ከዚህ ድክመቱ ጋር ነው። ለመበጠስ ይዘገያል፤ ከመበጠሱ በፊት በርካታ ምልክት ይሰጣል። ባለቤቱ ካየለት ማለት ነው።

የማይኮማተሩት

ልክ መዛባቱ ያስቸገራቸው ዘላዮች ፊታቸውን ወደ ሁለት ሌሎች ቃጫዎች አዞሩ። አንደኛው ቬክትራን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ፓዝፋይንደር የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ ስታርፍ የነጠረችባቸው የአየር ከረጢቶች ከዚሁ ቃጫ የተሠሩ ነበሩ። የስላይደሩ ሙቀት አያኮማትረውም፣ ሸራው ከብዙ ዝላይ በኋላም በተሠራበት ልክ ይበርራል። በአንጻሩ ሰበቃ ይጎዳዋል፣ ፀሐይም ያደክመዋል። መጎዳቱን ይናገራል፦ ቀለበት በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጸጉር እያወጣ ይሄዳል፣ በተለይም የታችኛው የፍሬን ገመድ። ጸጉሩ ከበዛ ገመዱ ሳስቷል ማለት ነው፤ ሊበጠስ ነው።

ሁለተኛው ዘላዮች በምህጻር ኤችኤምኤ የሚሉት የአራሚድ ገመድ ነው። ኬቭላር ከሚገኝበት ቤተሰብ ቢሆንም የተሻለ መታጠፍ ይችላል። ከእነዚህ የታወቀው የጃፓኑ ቴይጂን የሚያመርተው ቴክኖራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ማርስ ላይ ያረፈችው ኦፖርቹኒቲም ከፓራሹቷ በእሱ ገመድ ተንጠልጥላ ነበር። ኤችኤምኤ ከሁሉም ይቀጥናል፣ ልኩን ጠብቆ ይኖራል። ግን ዝምተኛ ነው። ጸጉር ብዙ አያወጣም፣ አያጥርም፤ ደህና መስሎ ቆይቶ አንድ ቀን ሸራው ሲከፈት ይበጠሳል። ስለዚህ በዓይን ታይቶ ሳይሆን ዝላይ ተቆጥሮ ይቀየራል፤ አምራቹ ያስቀመጠው ቁጥር ሲሞላ፣ ገመዱ አዲስ ቢመስልም። ዝላዩን በመዝገብ የማይጽፍ ሰው ኤችኤምኤ ባይገዛ ይሻለዋል።

ለየትኛው ዘላይ የትኛው?

ለተማሪ ዳክሮን ይበቃል፤ ከበቂም በላይ ነው። የተማሪ ሸራ ትልቅና ዘገምተኛ ስለሆነ የገመዱ ውፍረት አያሳስበውም፣ ለስላሳ አከፋፈቱም ለጀማሪ አንገት ይራራል። ከገደልና ከሕንጻ የሚዘሉትም አብዛኞቹ ዳክሮን ላይ ናቸው፤ አንዳንዴ ያለ ስላይደር ስለሚከፍቱ ምቱን የሚውጥላቸው ገመድ ይፈልጋሉ።

ዳክሮን የግድ የሚሆንበት ሌላም ዘርፍ አለ፦ የተከፈቱ ሸራዎችን አየር ላይ አንዱን ካንዱ እየያዙ ቅርጽ መሥራት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ፍሎሪዳ ሌክ ዌልስ ላይ 100 ዘላዮች በሸራዎቻቸው አንድ ትልቅ አልማዝ ሠርተዋል። በዚህ ሥራ ዘላዩ የሌላውን ገመድ በእጁና በእግሩ ይይዛል፣ ስህተት ከተፈጠረም አንዱ በሌላው ገመድ ይጠቀለላል። ቀጭን ገመድ እዚያ ውስጥ ሥጋ ይቆርጣል። ወፍራሙ ዳክሮን ግን ጭረት አውጥቶ ይለቃል።

በሌላው ጫፍ ያሉት መሬት ለመሬት በፍጥነት የሚንሸራተቱት፣ ስዉፐር የሚባሉት ናቸው። ሸራቸው ትንሽ፣ ፍጥነታቸው ከፍተኛ ነው። ለእነሱ የአንድ ገመድ ውፍረት በርቀትና በፍጥነት ይተመናል፣ የልክ መዛባት ደግሞ መሬት አጠገብ ስለሆኑ አደጋ ነው። ኤችኤምኤ ይመርጣሉ፣ አንዳንዱ ቬክትራን፤ ቶሎ ቶሎ መቀየሩን የስፖርቱ ወጪ አድርገው ተቀብለውታል።

የቀረው ብዙኃኑ ነው፤ በቅዳሜና እሁድ የሚዘል፣ መካከለኛ ሸራ ያለው ሰው። እንዲህ ያለው ዘላይ ኤችኤምኤ የሚገዛው ሻምፒዮኖቹ ሲጠቀሙበት አይቶ ከሆነ ገንዘቡን በከንቱ አወጣ። ስፔክትራ ይዞ የታችኛውን የፍሬን ገመድ በየጊዜው ቢያስቀይር ይበቃዋል። አንዳንድ ባለሙያዎች ዋናዎቹን ስፔክትራ አድርገው የፍሬኑን ብቻ ከማይኮማተረው ይሠራሉ፤ አስተዋይ መላ ነው።

አሸዋማ ቦታ የሚዘል ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም የአየር ጨዋታዎችን ባስተናገደችው ዱባይ ወይም በአሪዞና በረሃ፣ ደቃቁ አሸዋ በጉንጉኑ መካከል ገብቶ ቃጫውን ከውስጥ ይፈጨዋል። የትኛውም ገመድ ቢሆን እዚያ ዕድሜው ያጥራል።

ገመዱ ሲቀየር

የመጠባበቂያው ፓራሹት ገመድ በዘላዩ ምርጫ አይወሰንም፤ የጸደቀው ከነገመዱ ነው። በአሜሪካ ደንብ ፓራሹቱ በ180 ቀን ውስጥ በባለሙያ ካልታጠፈ አይዘለልበትም። ሪገር የሚባለው ይህ ባለሙያ የዋናውን ሸራ ገመድ የሚለካበት ዘዴ ቀላል ነው፦ የሸራውን አንድ ወገን ግድግዳ ላይ ካለ ማንጠልጠያ ያስራል፣ ገመዶቹን በእኩል ጉልበት ይወጥራል፣ ግራውን ከቀኙ፣ ሁለቱንም ከሰንጠረዡ ያስተያያል። የስላይደሩንም ቀለበቶች በጣቱ ይዳስሳል፤ ጠርዙ የተጫረ ቀለበት አዲስ ገመድን በጥቂት ዝላይ ይጨርሳል።

አዲሱ ገመድ አይቋጠርም። ቋጠሮ የገመድን ጉልበት ይቀንሳል። የፓራሹት ገመድ ውስጡ ባዶ የሆነ ጉንጉን ስለሆነ ሪገሩ ጫፉን አጥፎ በቀጭን ሽቦ እየሳበ ወደ ራሱ ወደ ገመዱ ሆድ ያስገባዋል፤ ሲጎተት ጉንጉኑ ጫፉን ጨምቆ ይይዘዋል። ከዚያ በልዩ የስፌት መኪና ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ ይመታበታል፤ ስፌቱ ጫፉ ያለ ጭነት ሲቀር እንዳይሾልክ ነው። ገመዱን ከትከሻ ማሰሪያው ጋር የሚያገናኙት ቁራጮችም ዛሬ በአብዛኛው በብረት ፋንታ ከስፔክትራ የተጎነጎኑ ናቸው።

ለሙሉ ቅያሪ ትእዛዝ ሲሰጥ የሸራውን ዓይነት፣ መጠንና ተከታታይ ቁጥር መላክ ግድ ነው፤ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሸራዎች መጠናቸው ከተለያየ ሰንጠረዣቸውም ይለያያል። ገመዱ ከተቀየረ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዝላይ ከወትሮው ከፍ ብሎ መከፈት አለበት። ባጠረ የፍሬን ገመድ ለወራት የበረረ ዘላይ እጁ ለዚያ ልክ ለምዷል፤ አዲሱ ረጅም ስለሆነ መሬት ሲደርስ ከለመደው በላይ ወደ ታች መሳብ ይኖርበታል። ያንን ልክ የሚያገኘው ገና ከፍታ ላይ እያለ ፍሬኑን ደጋግሞ እስከ መጨረሻ ስቦ ሸራው የት ላይ እንደሚመልስ በማየት ነው።