የመንግሥታት ድርጅቶች በጎ ፈቃደኛ አማካሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መንግሥታት በጋራ ያቋቋሟቸውን ድርጅቶች ያለ ደመወዝ የሚያማክሩ ሰዎች አሉ። ከመብት ተሟጋች ማኅበራት፣ ከሸማቾች ማኅበራት፣ ከምርምር ተቋማት ይመጣሉ። ረቂቅ ሰነድ ያነባሉ፣ አስተያየት ይጽፋሉ፣ አልፎ አልፎም ስብሰባ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሥራ የሚወራው ግን ከሥራው ጋር እምብዛም አይተዋወቅም።

«አማካሪ ድምፅ ይሰጣል»

አይሰጥም። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 71፣ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤቱ መንግሥታዊ ካልሆኑ ድርጅቶች ጋር የሚመካከርበትን ሥርዓት ሊያበጅ እንደሚችል ይናገራል፤ ስለ መወሰን የሚለው ነገር የለም። የተባበሩት መንግሥታት የኤችአይቪ/ኤድስ ፕሮግራም በሆነው በዩኤንኤድስ የፕሮግራም አስተባባሪ ቦርድ 5 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ከ22 መንግሥታት ጋር አብረው ይቀመጣሉ፣ ይናገራሉም፤ ድምፅ ሲቆጠር ግን የእነርሱ አይገባም።

ለየት የሚለው እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነው። እያንዳንዱ አባል አገር ለዓመታዊ ጉባኤው 2 የመንግሥት፣ 1 የአሠሪዎችና 1 የሠራተኞች ተወካይ ይልካል፤ አራቱም ለየራሳቸው ድምፅ ይሰጣሉ። ይህ መብት ግን ከአሠሪና ከሠራተኛ ወገን አልፎ ለሌላው ሲቪል ማኅበረሰብ አልደረሰም።

«ድምፅ ከሌለው ለጌጥ ነው»

ይህኛው ይበልጥ ያናድደኛል፤ በአዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው እውነት ይመስላልና። ለመናገር የሚፈልግ ሁሉ የስም ሰሌዳውን በጎኑ ያቆማል፤ ሰብሳቢው በመጀመሪያ መንግሥታትን ይጠራል፤ የሲቪል ማኅበረሰቡ ተራ ሲደርስ አስተርጓሚዎቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል፤ ለ3 ደቂቃ የተዘጋጀው ንግግር በ1 ደቂቃ እንዲያልቅ ይጠየቃል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ጌጥ ነው ቢል አልፈርድበትም።

ዋናው ሥራ ግን ከስብሰባው በፊት አልቋል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትን የመሳሰሉ ተቋማት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስኑት አባላቱ ሲስማሙ ነው፤ ስለዚህ ትግሉ ያለው ረቂቁ ውስጥ ነው። ከረቂቁ ጋር ብዙውን ጊዜ ሠንጠረዥ ይላካል፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ አሁን ያለው ቃል፣ እንዲተካ የሚፈለገው ቃል፣ ምክንያቱ። «ጉዳዩ በጥልቅ ያሳስበናል» ብሎ የጻፈ ሰው ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ ትቶታል፤ ጽሕፈት ቤቱ አመስግኖ ያልፈዋል። «መንግሥታት መረጃውን ይፋ ሊያደርጉ ይችላሉ» የሚለውን «ይፋ ሊያደርጉ ይገባል» ብሎ የለወጠና ምክንያቱን በሁለት መስመር ያስረዳ ግን የሚጨበጥ ነገር ሰጥቷል። አንድ ልዑክ ያቺን ዐረፍተ ነገር አንብቦ «እንደግፋለን» ካለ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐሳቡ የመንግሥት ሐሳብ ነው። መጀመሪያ የጻፈው ማን እንደሆነ የሚያስታውስ አይኖርም። ስሙ እንዲነሣለት የሚፈልግ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል።

ጊዜውም አለ። ሰነዱ ለሚኒስትሮች ፊርማ ከተዘጋጀ በኋላ የሚላክ ደብዳቤ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«የሕዝብ እንደራሴ ሆኛለሁ»

ሕዝብ አልመረጠዎትም። የሚናገሩት በላከዎት ድርጅት ወይም ጥምረት ስም ነው፤ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ብሎ መጀመርም በልዑካን ፊት ያስገምታል። የአፍሪካ ኅብረት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል ምክር ቤት «ማንን ትወክላላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ገንዘብ አውርዶታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ሲጀምር ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ የመሩት ይህ ምክር ቤት፣ አባል ለመሆን የሚያመለክት ድርጅት ከመሠረታዊ ገቢው ቢያንስ 50 በመቶውን ከራሱ አባላት መዋጮ እንዲያገኝ በደንቡ ይጠይቃል። ከባድ መስፈርት ነው፤ ብዙ ድርጅቶችን በር ላይ እንደሚያስቀር መገመት አያዳግትም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፦ ገንዘቡን የሚያወጡልዎት እነማን ናቸው?

«የአማካሪነት ደረጃው የግሌ ነው»

በተባበሩት መንግሥታት የአማካሪነት ደረጃ የሚሰጠው ለድርጅት ነው። ድርጅቱ ሲያመለክት ቢያንስ 2 ዓመት የቆየ መሆን አለበት፤ ማመልከቻውን 19 አገሮች ያሉበት ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ ከተፈቀደም በኋላ በየ4 ዓመቱ ሪፖርት ካላቀረበ ደረጃው ሊታገድ ይችላል። እርስዎ ከድርጅቱ ሲለቁ ደረጃው እዚያው ይቀራል። «ልዩ» የሚባለውን ደረጃ የያዘ ድርጅት ለተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት የሚያቀርበው ጽሑፍ ከ500 ቃላት አይበልጥም። ይህ የእኔ ጽሑፍ አልፎታል።

«ወጪው ይቻላል፣ ዓለምንም አያለሁ»

ለድካም የሚከፈል የለም። የአውሮፕላን ቲኬት አንዳንዴ ይሸፈናል፣ ብዙ ጊዜ አይሸፈንም፤ አብዛኛው ስብሰባ በኮምፒውተር ነው፤ የሰዓት ልዩነቱን የሚሸከመው ደግሞ ከዋና መሥሪያ ቤቱ ርቆ የሚኖረው ነው። ሌሊት ለ2 ሰዓት ተቀምጦ ስለ አንድ የግርጌ ማስታወሻ መከራከር ደስ የሚለው ሰው አለ። ለእርሱ ሥራው ይሆነዋል።

«የሰማሁትን ለሁሉም ማካፈል ግዴታዬ ነው»

ለላከዎት ድርጅት ሪፖርት ማድረግ አዎ፣ ግዴታ ነው። ይፋ ያልሆነ ረቂቅ ግን ለውጭ ሰው አይሰጥም፤ በዝግ ስብሰባ ምን እንደተባለ መናገር ሲፈቀድም ማን እንዳለው አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። መጀመሪያ ይጠይቁ፤ «ለውስጥ ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ አለ።