ሰሙ እየቀለጠ ቴርሞሜትሩ ለምን ይቆማል?

ይቺ ጥያቄ በጅማው ግሩፓችን ስትመላለስ ሰንብታለች። በፀሐይ ቡና ማድረቂያው ውስጥ የቀን ሙቀት ለማታ እንዲያጠራቅም የተቀመጠው ሰም ይቀልጣል፣ ዲግሪው ግን አይጨምርም። "ታዲያ ምኑን ነው የሚያጠራቅመው?" ትላላችሁ።

በረዶን አስቡ። 1 ኪሎ በረዶ ቀልጦ እዚያው 0 ዲግሪ ላይ ውሃ ለመሆን የሚውጠው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ቴርሞሜትሩ ግን ንቅንቅ አላለም! ሙቀቱ የት ገባ? ጠጣሩን ፈሳሽ በማድረግ ሥራ ላይ ዋለ። ድብቅ ሙቀት የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሰሙም እንደዚያው ነው። ቀን ፀሐይ ያቀልጠዋል፤ ማታ ሲበርድ መልሶ እየረጋ የዋጠውን ይተፋል። የሻማ ጠብታ ጣት ላይ ሲረጋ እንዲያ የሚለበልበው በከፊል በዚህ ነው።

እስከዚህ ያለው አያከራክርም። የሚለያየው የመቅለጫው ዲግሪ ነው። ፓራፊን የሚባለው ሰም እንደ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይቀልጣል። ማድረቂያችሁ 45 ላይ ከቀረ፣ የ60ው ሰም ቁጭ ብሎ ያያችኋል። ሌሊቱን ስንት ሰዓት ያዘልቃል ለሚለው ደግሞ፣ እንደ ሰሙ ብዛትና የማድረቂያው ሳጥን ሙቀት እንደሚይዝበት ልክ ነው።