የኮምፒውተሮች የጅምላ ብልሽት ምንድን ነው?

የጅምላ ብልሽት የሚባለው የአንድ ኮምፒውተር ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ መቆም ሳይሆን፣ በአንድ ዓይነት ፕሮግራም የሚሠሩ እጅግ ብዙ ማሽኖች በአንድ ምክንያትና በአንድ ጊዜ መውደቃቸው ነው። ተራ ብልሽት ሲደርስ ተጠባባቂው ማሽን ሥራውን ይረከባል፤ በጅምላ ብልሽት ግን ተጠባባቂውም የሚሠራው በዚያው ፕሮግራም ስለሆነ አብሮ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው አንድ ስህተት ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጪ አደረገ። ይህ በዓለም ካሉት የዊንዶውስ ማሽኖች 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ማሽኖቹ የነበሩት በአየር መንገዶች፣ በሆስፒታሎች፣ በባንኮች፣ እንዲሁም በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች የ911 የአደጋ ጥሪ ማዕከላት ውስጥ ነበር። ኩባንያው የተሳሳተውን ማሻሻያ በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢመልሰውም፣ የወደቀ ማሽን ተነሥቶ እርማቱን ለመቀበል ስለሚቸገር፣ ባለሙያዎች በየኮምፒውተሩ ፊት እየተቀመጡ፣ ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነም 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር አንድ በአንድ እየጻፉ፣ ችግር ያመጣውን ፋይል መሰረዝ ነበረባቸው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ በደቂቃዎች የፈረሰውን ለመጠገን ቀናት ይፈጃል።

ጉዳዩ የአገር ደኅንነት ጉዳይ የሚሆነው፣ ስህተት የገባበት በር ለጠላትም ክፍት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የተሠራጨው በዩክሬን በስፋት በሚሠራበት የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንድ መንግሥት የደረሰበት ነገር ስህተት ይሁን ጥቃት መለየት ይቸግረዋል፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ደግሞ የተሳሳተ ውሳኔ መወሰን ቀላል ነው።

ሁሉም ብልሽት በጨለመ ስክሪን አይታወቅም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የአንድ ኤሌክትሪክ ኩባንያ የማንቂያ ሶፍትዌር በጸጥታ ሥራ አቁሞ ስለነበር፣ የቁጥጥር ክፍሉ ሠራተኞች መስመሮች እየተቋረጡ መሆኑን በጊዜ አላወቁም፤ በዚያ ቀን በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መብራት አጡ።

አደጋውን የሚቀንሰው አንዱ መንገድ ማሻሻያን መጀመሪያ ለጥቂት ማሽኖች ልኮ፣ ጤንነታቸውን አይቶ፣ ከዚያ ለቀሩት ማዳረስ ነው። ክራውድስትራይክም ይህንን አሠራር እንደሚከተል ያስታወቀው ከዚያ ውድቀት በኋላ ነበር።