የአእምሯዊ ንብረት ፍርድ ቤት

የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት)፣ የንግድ ምልክት፣ የቅጂ መብትና መሰል ክርክሮችን ለይቶ የሚያይ ፍርድ ቤት ነው። አንዳንዱ አገር ጋ ራሱን ችሎ ይቆማል። ሌላው ጋ በመደበኛው ፍርድ ቤት ውስጥ እንደ አንድ ችሎት ይሠራል። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አባል አገሮች እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት እንዲያቋቁሙ አያስገድድም። ያቋቋሙት ቸግሯቸው ነው።

ችግሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ሰው ሲከፈት ከጠርሙሱ የማይለይ ክዳን ሠርቶ ፓተንት አወጣ እንበል። በማመልከቻው ላይ ክዳኑ ከጠርሙሱ አንገት ጋር «በተጣጣፊ ማያያዣ» ይገናኛል ብሎ ጽፏል። ተፎካካሪው ተመሳሳይ ክዳን ይዞ ገበያ ወጣ፤ የእሱን ግን የያዙት ሁለት ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ክር ተጣጣፊ ማያያዣ ነው? ክሱ በሙሉ በዚህች ሐረግ ላይ ተንጠለጠለ። ሁለቱም ወገኖች ባለሙያ ምስክር ያመጣሉ፤ ምስክሮቹም አይስማሙም። ጠዋት ውርስ፣ ከሰዓት የብድር ክርክር ሲሰማ የዋለ ዳኛ ማንን ይመን?

ይህን ጥያቄ ከሥሩ የያዘችው ጀርመን ናት ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሙኒክ ላይ የተቋቋመው የፌዴራል ፓተንት ፍርድ ቤት ኢንጂነሮችንና ኬሚስቶችን ዳኛ አድርጎ ያስቀምጣል። አማካሪ አይደሉም፤ ድምፅ የሚሰጡ ሙሉ ዳኞች ናቸው። ፓተንት ይሰረዝልኝ የሚል ክስ ሲቀርብ ከሚሰየሙት 5 ዳኞች 3ቱ የቴክኒክ ሰዎች ናቸው። ፓተንቴ ተጣሰ የሚል ግን የሚሄደው ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ አንዱ «ጥሰሃል» ብሎ ያገደውን ነጋዴ፣ ሌላው ቆይቶ ፓተንቱን በመሰረዝ ነፃ ሊያወጣው ይችላል። እስከዚያ ዕቃው ከገበያ ወጥቶ ይቆያል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ሌሎቹ በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። አሜሪካ በ1982 የፓተንት ይግባኞችን በአንድ ፍርድ ቤት ሰበሰበች፤ ከዚያ በፊት ውሳኔው እንደየአካባቢው ይለያይ ነበር። በ1997 ሥራ የጀመረው የታይላንድ ፍርድ ቤት ከመደበኛ ዳኞች ጋር ከሙያው የመጣ ተባባሪ ዳኛ ያስቀምጣል። ጃፓን በ2005፣ ቻይና በ2014 ተከተሉ። በ2023 ደግሞ በርካታ የአውሮፓ አገሮች የጋራ የፓተንት ፍርድ ቤት ከፈቱ።

ዕውቀት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ክሱ ከሚያስገኘው ካሳ ወጪው ከበለጠ አቅም የሌለው ሰው መብቱን ትቶ ቁጭ ይላል። ለንደን ያለው አነስተኛ የአእምሯዊ ንብረት ፍርድ ቤት የያዘው መላ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። የተሸነፈ ወገን ለአሸናፊው የሚከፍለው ወጪ ጣሪያ አለው። ካሳውም ከ500,000 ፓውንድ አያልፍም። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ቀን ያልቃል። ፎቶው ያለፈቃድ የተወሰደበት ባለሙያ ደግሞ እስከ 10,000 ፓውንድ ለሚደርስ ካሳ፣ ያለ ጠበቃ ራሱ ቀርቦ መሟገት የሚችልበት ቀለል ያለ ሥርዓት አለ።

ልዩ ተቋም ማቆም ሁልጊዜ አይሳካም። ሕንድ ለብቻው ያቋቋመችው የአእምሯዊ ንብረት ይግባኝ ቦርድ ወንበሮቹ ለረጅም ጊዜ ሰው አጥተው፣ መዝገብ ተከምሮ ከርሞ በ2021 ፈረሰ። ጉዳዮቹ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ተመለሱ። የዴልሂው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት እነዚህን ክርክሮች ብቻ የሚያይ ክፍል በውስጡ አደራጀ።