መጠጥ በመቀነስ ረገድ ስልክ ይረዳል? በሰሜን ሸዋ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወጣቶች መጠጥ እንዲቀንሱ በስልክ መርዳት ይቻላል ሲባል፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ብዙ ሰው አይቀበለውም። ያለመቀበሉ ምክንያት ደግሞ ተደጋግመው የሚነገሩ ጥቂት አባባሎች ናቸው።

«ስልክ ማንን መክሮ ያውቃል?»

ሥራው ምክር ሳይሆን መጠየቅና መቁጠር ነው። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከድንገተኛ ሕክምና ክፍል ለተሰናበቱ ወጣቶች ለ12 ሳምንታት የጽሑፍ መልእክት ይላክላቸው ነበር። ሐሙስ ለሳምንቱ መጨረሻ ያሰቡትን ይጠየቃሉ፤ ብዙ ሊጠጣ ያቀደ ገደብ እንዲያበጅ ይጋበዛል፤ እሑድ ደግሞ ምን ያህል እንደጠጣ ይጠየቃል። በአንድ ቁጭታ አብዝቶ የመጠጣት ልማዳቸው ቀንሷል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ተቋም በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 57 ጥናቶችን መርምሮ፣ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚሠራ ዲጂታል መሣሪያ የተጠቀሙ ሰዎች ካልተጠቀሙት በሳምንት በአማካይ 23 ግራም ገደማ ያነሰ ንጹሕ አልኮል እንደጠጡ አሳይቷል። ሁለት ጠርሙስ ቢራ እንኳን አይሞላም። ለእኔ ግን ትንሽ አይደለም፤ ሐኪም ፊት ቀርቦ የማያውቅ ወጣት ዘንድ የሚደርስ እርዳታ ነውና።

«ጠላ ምግብ ነው፤ አረቄም አንድ መለኪያ ምን ያደርጋል?»

ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያዎቹም ስሕተቱን ያባብሱታል፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ የተሠሩት ቢራና ወይን ለሚጠጣ አገር ነው። ስሌቱ ግን ቀላል ነው፦ የመጠጡን ሚሊ ሊትር በአልኮል መጠኑ (5 በመቶ ከሆነ በ0.05)፣ ከዚያም በ0.789 ማባዛት፤ ውጤቱ የንጹሕ አልኮሉ ግራም ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ይሆናል። 40 በመቶ የሆነ አረቄ 50 ሚሊ ሊትሩ 16 ግራም ገደማ ነው። ጠላ እንደ አጠማመቁ ይለያያል፤ 4 በመቶ ከደረሰ ግን ግማሽ ሊትሩ ያው 16 ግራም ነው። በማኅበር ቤት ግማሽ ግማሽ ሊትር ጠላ ሁለት ጊዜ ተሞልቶለት፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት መለኪያ አረቄ የደገመ ልጅ «ዛሬ ቢራ አልቀመስኩም» ቢል እውነቱን ነው፤ የጠጣው አልኮል ግን ከአራት ጠርሙስ ቢራ በላይ ነው። ለእኛ የሚሠራ መሣሪያ ጣሳንና መለኪያን ማወቅ አለበት። ይህን ለመሥራት የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚቀድማቸው የለም ብዬ አምናለሁ።

«አረቄ ብርድ ያባርራል።»

አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማናል እንጂ ሰውነት የሚያጣው ሙቀት ይጨምራል። ለደብረ ብርሃን ሌሊት አይመከርም።

«ስማርት ስልክና ኢንተርኔት ለሌለው ምን ይጠቅማል?»

የፒትስበርጉ ሥራ የተሠራው በጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው። የመንዝ ልጅ በተራ ስልኩ ሊመልሰው ይችላል።

«ይህ ለሱሰኛ ነው፤ ልጄን አይመለከትም።»

እንዲያውም በይበልጥ የሚጠቅመው ገና ሱስ ላልያዘው ነው። አጠጣጡ የሚያሰጋ መሆኑን ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ በየስንት ጊዜው ትጠጣለህ? በጠጣህበት ቀን ስንት መጠጥ ትጠጣለህ? በአንድ ጊዜ ስድስት መጠጥና ከዚያ በላይ የምትጠጣው በየስንት ጊዜው ነው? ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ስለሆነ፣ ለ17 ዓመት ልጅ «ሁለት ይበቃሃል» የሚል መተግበሪያ ተሳስቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል።

«እንግዲያው ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጠውንም ስልኩ ያስተወው።»

ይህ አደገኛ ነው። ሰውነቱ አልኮል የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያቃዠው፣ ሊያንፈራግጠው፣ ሊገድለውም ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ከማቆሙ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ መተግበሪያው ከሕክምናው በኋላ ይደርሳል።